ፋብሪካው የተወውን ቺፕ ማን ያኖረዋል? ዩኒክስ ከማሽን ወደ ማሽን የተጓዘበት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 የሊኑክስ ከርነል እትም 6.7 ወጣ (ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከርነል ማለት የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው፤ ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውንና ዲስኩን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው እሱ ነው። አዲስ እትም ሲወጣ ሰው የሚያወራው ስለተጨመረው ነገር ነው። እኔን ግን በዚያ እትም የገረመኝ የተቀነሰው ነበር፦ ኢታኒየም ለሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር የተጻፈው ኮድ ሙሉ በሙሉ ወጣ።

ኢታኒየም እንዲሁ የዋዛ ቺፕ አልነበረም። ኢንቴልና ኤችፒ አብረው የሠሩት፣ በ2001 ገበያ ሲገባ የትልልቅ ሰርቨሮች የነገ ጌታ ተብሎ የተወራለት ነው። ወሬው ብዙዎችን አሳመነ። ኮምፓክ የተባለው ኩባንያ በእጁ አልፋ የሚባል እጅግ ፈጣን ፕሮሰሰር ነበረው፤ በዚያው በ2001 አልፋን ቀስ በቀስ ትቶ ወደ ኢታኒየም እንደሚዞር አስታወቀ።

እስቲ አስቡት። አልፋ በኢታኒየም ምክንያት ተፈረደበት። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ኢታኒየም ከሊኑክስ ሲባረር፣ የአልፋ ኮድ ግን እዚያው ከርነል ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። የተቀበረው ቀባሪውን እንዴት ቀበረ?

መልሱን ለማግኘት ሃምሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መመለስ አለብን።

ቺፕ ሁሉ የራሱ ቋንቋ አለው

አንድ ፕሮሰሰር የሚገባው የራሱን የትእዛዝ ስብስብ ብቻ ነው። «እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ደምር»፣ «ይህን ከሜሞሪ አንሳ» የሚሉት ትእዛዞች በኢንቴል ቺፕ ላይ በአንድ ዓይነት የቁጥር ኮድ ይጻፋሉ፣ በስልካችሁ ውስጥ ባለው ቺፕ ላይ ደግሞ በሌላ። ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም ለሌላው ትርጉም የለውም።

ነገሩን በወጥ ላስረዳ። አክስታችሁ የዶሮ ወጥ አሠራር ስትጽፍላችሁ «የምድጃውን ቁልፍ 4 ላይ አድርጉና 18 ደቂቃ ጠብቁ» ካለች፣ ጽሑፉ የሚሠራው በእሷ ምድጃ ብቻ ነው። ከሰል ላይ ለሚሠራ ሰው ምንም አይጠቅምም። «ሽንኩርቱ በደንብ እስኪበስል አቁላሉ» ካለች ግን በከሰልም፣ በኤሌክትሪክም፣ በማገዶም ይሠራል። ለየምድጃው ለብቻ መጻፍ ያለበት እሳቱ እንዴት እንደሚቀጣጠል የሚናገረው ገጽ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው አጻጻፍ አሴምብሊ የሚባለው ነው፤ ከቺፑ ቋንቋ ጋር ቃል በቃል የተጣበቀ። ሁለተኛው እንደ ሲ ባሉ ቋንቋዎች መጻፍ ነው፤ ኮምፓይለር የሚባል ፕሮግራም ወደ እያንዳንዱ ቺፕ ቋንቋ ይተረጉመዋል። ዩኒክስ ሕይወቱን የጀመረው በመጀመሪያው መንገድ ነበር።

ከአንድ ምድጃ የወጣው ወጥ

በ1969 ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ኬን ቶምፕሰን ብዙ ሰው የማይጠቀምበት አንድ ፒዲፒ-7 ኮምፒውተር አገኘና የዩኒክስን የመጀመሪያ መልክ በአሴምብሊ ጻፈ። ቆይቶ ፒዲፒ-11 የሚባል የተሻለ ማሽን ሲመጣ ሥራው እንደገና ከባዶ ሊባል በሚችል ሁኔታ ተጻፈ። ማሽን በተቀየረ ቁጥር እንዲህ መሆኑ አይቀርም ነበር።

ነገሩን የለወጠው ዴኒስ ሪቺ ነው። ሲ የሚባለውን ቋንቋ ፈጠረና በ1973 የዩኒክስ ከርነል በሲ ተጻፈ። በዚያን ጊዜ ኦፐሬቲንግ ሲስተምን በአሴምብሊ ካልሆነ መጻፍ ፍጥነት ይገድላል የሚለው እምነት ጠንካራ ነበር። ዩኒክስ ያንን ፈተነው፤ ደህና ሠራ።

ሆኖም በሲ መጻፉ ብቻ ዩኒክስን ተንቀሳቃሽ አላደረገውም። ሌላ ማሽን ላይ የሞከረው አልነበረማ! ሙከራው በ1977 አካባቢ ሁለት ቦታ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ተጀመረ። በቤል ላብስ ዴኒስ ሪቺና ስቲቭ ጆንሰን ኢንተርዳታ 8/32 የሚባል ማሽን ያዙ። በአውስትራሊያ ወሎንጎንግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሪቻርድ ሚለር የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ኢንተርዳታ 7/32 ይዞ ተነሳ። ሚለር ፒዲፒ-11 በአጠገቡ አልነበረውም፤ ያለው ማሽን ያ ብቻ ነው። መጀመሪያ ዩኒክስን በማሽኑ ነባር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ እንደ እንግዳ አስቀመጠው፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ራሱን አስቻለው። በሁለቱም ቦታ ተሳካ።

በእነዚህ ዓመታት ከታዩት ችግሮች አንዱ እስከ ዛሬ «ኑክሲ» በሚል ስም ይታወሳል። ሁለት ባይት ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዳንድ ማሽን ትንሹን ዋጋ ያለውን ያስቀድማል፣ ሌላው ትልቁን። ስለዚህ ከአንዱ የተነሳ ጽሑፍ ሌላው ላይ ሲነበብ ሁለት ሁለቱ ፊደል ቦታ ይለዋወጣል፤ ዩኒክስ በላቲን ፊደል ተጽፎ እንዲህ ሲገለባበጥ «ኑክሲ» ይሆናል። በእኛ ፊደል ብንሞክረው «ዩኒክስ» ብላችሁ የላካችሁት «ኒዩስክ» ሆኖ ይደርሳል ማለት ነው። ኮዱ ላይ ስህተት ሠርቶ የተያዘ ሰው የለም፤ በአንዱ ማሽን ላይ ሁልጊዜ ትክክል ነበር። ስህተቱ የታየው ሌላ ማሽን ሲመጣ ነው።

ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«አማራጭ» የሚባለው ማን ነው?

አማራጭ ፕሮሰሰር ሲባል በየዘመኑ የተለየ ነገር ማለት ነው። በ1977 ከፒዲፒ-11 ውጭ ያለ ሁሉ አማራጭ ነበር። በ1980ዎቹ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩኒክስ፣ ማለትም ቢኤስዲ፣ ቫክስ በሚባል ማሽን ላይ ሲያድግ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ዓለሙ ሁሉ ቫክስ የሆነ ይመስል መጻፍ ጀመሩ። ከዚያ ተራው የኢንቴል ሆነ።

በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ሲያስተዋውቅ፣ ሥራው ከኢንቴል 386 ቺፕ ጋር የተጣበቀ እንደሆነና ወደ ሌላ ማሽን የሚሄድ እንዳልሆነ ራሱ ጽፎ ነበር። በጃንዋሪ 1992 ሚኒክስ የሚባለውን የማስተማሪያ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጻፉት ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባውም በዚህ ጉዳይ ወቀሱት፤ ከአንድ ቺፕ ጋር መጣበቅ ስህተት ነው አሉ። ሊነስ አልተቀበለም፤ ክርክሩም ጦፈ።

ግን ታሪክ ሁለቱንም አስገረመ። ዲጂታል የሚባለው ኩባንያ በ1992 አልፋን አውጥቶ ነበር፦ 64 ቢት፣ ሲጀምር 150 ሜጋኸርትዝ። የኢንቴል 486 በዚያው ዓመት ከደረሰበት ከ66 ሜጋኸርትዝ ጋር አወዳድሩት። በ1994 የኩባንያው ሠራተኛ ጆን ሆል ሊነስ አንድ የአልፋ ማሽን በውሰት እንዲያገኝ አደረገ። «አይሄድም» ያለው ሰው ራሱ ቁጭ ብሎ ወሰደው። በማርች 1995 የወጣው ሊኑክስ 1.2 ከኢንቴል ሌላ አልፋን፣ ስፓርክንና ሚፕስን ይደግፍ ነበር።

እዚህ ላይ ያስያዝኳችሁን ነጥብ አውጡ። ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሜሞሪ አድራሻን 32 ቢት በሚይዝ ተራ የቁጥር ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ለምደው ነበር፤ በ386 ላይ ሁለቱ እኩል ናቸውና ምንም አይፈጠርም። አልፋ ላይ ግን አድራሻው 64 ቢት ነው። ባለ 10 አኃዝ ስልክ ቁጥር 5 ሳጥን ብቻ ባለው ቅጽ ላይ ለመጻፍ እንደመሞከር ነው፤ ግማሹ ተቆርጦ ይቀራል። እነዚህ ስህተቶች አንድ በአንድ ታደኑ። ከዓመታት በኋላ በ2003 ኤኤምዲ ባለ 64 ቢት ቺፖቹን ወደ ተራው የኮምፒውተር ዓለም ሲያመጣ፣ ሊኑክስ ትምህርቱን አልፋ ላይ ጨርሶ ነበር።

አልፋን የሚጠቀሙት ሰዎች ጥቂት ነበሩ። ጥቅሙ ግን አልፋን አይቶ ለማያውቀው ሁሉ ደረሰ። ለመሆኑ ሊኑክስ የተወለደበት 386 የት ገባ? በ2013 የወጣው ሊኑክስ 3.8 ላይ ድጋፉ ተነሳ። የትውልድ ቤቱ ሳይቀር ከሊኑክስ ወጣ።

ምድጃ የማይመርጡት

ሊኑክስ በልምድ የደረሰበትን ነገር ሌሎች ከመጀመሪያው ዓላማ አድርገው ተነስተዋል። ኔትቢኤስዲ በ1993 ከበርክሌይ ኮድ ተነስቶ የተቋቋመ ፕሮጀክት ነው። ወንድሙ ፍሪቢኤስዲ በዚያው ዓመት ሲጀምር ትኩረቱን ተራው ፒሲ ላይ ሲያደርግ፣ ኔትቢኤስዲ ግን ኮዱን ሁሉ ለሁለት ከፈለ፦ ማሽን የማይመርጠውና ማሽን የሚመርጠው። አንድ የኔትወርክ ቺፕ በፒሲም በአልፋም ላይ ቢገኝ ድራይቨሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ ከቺፑ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ ከታች ያለው ቀጭን ሽፋን ያመቻችለታል። የአክስታችሁ እሳት የማቀጣጠያ ገጽ ማለት እሱ ነው።

ይህ አሠራር እስከ ቀልድ ደርሷል። በ2005 አንድ የአሜሪካ የቦርድ አምራች ኔትቢኤስዲ የሚሠራበት የዳቦ መጥበሻ ሠርቶ በኤግዚቢሽን አሳይቷል። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው፦ ከ1970ዎቹ የመጣው ቫክስ በ2024 በወጣው ኔትቢኤስዲ 10 ውስጥ አሁንም አለ።

በኪሳችሁ ያለው አማራጭ

አማራጭ የነበረው ቺፕ ዋናውን መንገድ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ያሳየን አርም ነው። የመጀመሪያው የአርም ቺፕ በ1985 በእንግሊዟ ኬምብሪጅ ከተማ፣ ኤከርን በሚባል ትንሽ ኩባንያ፣ በሶፊ ዊልሰንና በስቲቭ ፈርበር ንድፍ ተሠራ። ዛሬ አንድሮይድ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አርም ላይ የሚሄድ የሊኑክስ ከርነል በኪሱ ይዞ ይዞራል። በ2020 የዓለም ፈጣኑ ሱፐርኮምፒውተር የሆነው የጃፓኑ ፉጋኩም ሊኑክስን የሚያስኬደው በአርም ቺፖች ላይ ነው።

ስኬቱ ግን ራስ ምታት ይዞ መጣ። ፒሲ ሲነሳ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ «እዚህ ቤት ማን ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ካርዶቹ ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ። የአርም ቦርዶች ላይ ግን አብዛኛው ክፍል ዝም ይላል። የት እንዳለ ካላወቃችሁ አታገኙትም። ስለዚህ እያንዳንዱ አምራች ለየቦርዱ የራሱን ኮድ እየጻፈ ከርነሉ ውስጥ ይከምር ጀመር፤ አንዱ ከሌላው የተቀዳ፣ ትንሽ ትንሽ የተለያየ። በ2011 ሊነስ ቶርቫልድስ በአደባባይ ተማረረ።

መፍትሔ ሆኖ የመጣው ዲቫይስ ትሪ የሚባል ነገር ነው፦ በቦርዱ ላይ ምን ምን እንዳለና የት እንዳለ የሚዘረዝር ፋይል። ኮድ ሳይሆን ዝርዝር ስለሆነ፣ አንድ ከርነል የየቦርዱን ዝርዝር እያነበበ ሁሉም ላይ መነሳት ይችላል። ሐሳቡ ከየት መጣ? የስፓርክና የፓወርፒሲ ማሽኖች ቀደም ብለው ይጠቀሙበት ነበር። አሁንም ጥቂት ተጠቃሚ ያላቸው ማሽኖች ለብዙኃኑ መድኃኒት ሰጡ።

ሪስክ-ፋይቭና የኔ ቦርድ

አሁን ደግሞ ተራው የሪስክ-ፋይቭ ነው። በ2010 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክርስቴ አሳኖቪችና ተማሪዎቹ፣ ከዴቪድ ፓተርሰን ጋር ሆነው የጀመሩት ነው። ልዩ የሚያደርገው የትእዛዝ ስብስቡ ክፍት መሆኑ ነው፤ ማንም ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ ቺፕ ሊሠራበት ይችላል። ፍሪቢኤስዲ በ2016፣ ሊኑክስ በ2018 መጀመሪያ ተቀበሉት። ዴቢያን የሚባለው ትልቅ የሊኑክስ ስርጭት በኦገስት 2025 በወጣው 13ኛ እትሙ በይፋ ከሚደግፋቸው ውስጥ አስገባው።

ወጣቶች ይህን ሲሰሙ «በቃ፣ ሁሉም ነገር ክፍት ሆነ» ይላሉ። እኔም ብዬ ነበር። ከዚያ ላብራቶሪያችን አንድ ርካሽ የሪስክ-ፋይቭ ቦርድ ገዛ።

ቦርዱ የመጣው አምራቹ ራሱ ከቀያየረው አሮጌ ከርነል ጋር ነው። በዚያ ላይ ሁሉም ይሠራል። አዲስ ከርነል ስንጭንበት ግን ኔትወርኩ እምቢ አለ። የገመዱ መብራት ይበራል፤ ዳታ አያልፍም። ሰነዱን ብናገላብጥ የሚያስፈልገን ነገር የለበትም። ለአምራቹ ጻፍን፤ መልስ የለም። ብዙ ቀን ካባከንኩ በኋላ የአሮጌውን ከርነል ኮድ ማንበብ ጀመርኩ። እዚያ ውስጥ አገኘሁት፦ በፕሮሰሰሩና በኔትወርክ ቺፑ መካከል የሰዓት ምልክቱ በ2 ናኖሰከንድ ገደማ መዘግየት አለበት፤ አዲሱ ዲቫይስ ትሪ ላይ ያ አልተጻፈም። ጥፋቱ የአንድ መስመር ነበር።

መስመሩን እንዴት ላገኘው ቻልኩ? የሊኑክስ ፈቃድ ጂፒኤል የተቀየረ ከርነል የሚያሰራጭ ሁሉ ኮዱን አብሮ እንዲሰጥ ያስገድዳል። አምራቹ ሰነድ አልሰጠንም፤ ኮዱን ግን መደበቅ አልቻለም። ያ ባይሆን ቦርዱ አሮጌ ከርነሉን ታቅፎ፣ የደህንነት ማስተካከያ ሳያገኝ ያረጅ ነበር፤ ብዙ ስልኮቻችን እንደሚያረጁት ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስት በሮችን ለዩ። የትእዛዝ ስብስቡ ክፍት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሪስክ-ፋይቭ የሰጠን ነው። የቺፑ ውስጣዊ ንድፍ ክፍት መሆኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙዎቹ ዝግ ናቸው። የቦርዱና የድራይቨሮቹ ሰነድ ክፍት መሆኑ ደግሞ ሦስተኛው ነው። አንደኛው በር ተከፈተ ማለት ሌሎቹ ተከፈቱ ማለት አይደለም።

ሌላም ስጋት አለ። ነፃነቱ ራሱ ሁሉም የየራሱን ትእዛዝ እንዲጨምር ያስችላል፤ አንዳንድ ቺፖች የቬክተር ትእዛዞችን ገና ረቂቅ ሳሉ ወስደው ስለሠሩ፣ በ2021 ከጸደቀው መጨረሻው ጋር አልተስማሙም። ለዚህ ነው የሪስክ-ፋይቭ ማኅበር አንድ ቺፕ ቢያንስ ምን ምን ማሟላት እንዳለበት የሚዘረዝሩ መግለጫዎችን የሚያወጣው፤ በ2024 የጸደቀው አርቪኤ23 አንዱ ነው። የኦፐሬቲንግ ሲስተም ጸሐፊ እንዲህ ያለ የጋራ ወለል ከሌለው የአርም ትርምስ ይደገማል።

የተቀበረው ቀባሪውን እንዴት ቀበረ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። የኢታኒየም ኮድም እኮ ክፍት ነበር። ከኋላውም ግዙፍ ኩባንያዎች ነበሩ። ግን ኢንቴል በ2021 የመጨረሻዎቹን ቺፖች ከላከ በኋላ፣ ኮዱን የሚፈትንና የሚያድስ ሰው ከርነሉ ውስጥ አልቀረም። ማሽኖቹ ውድ ሰርቨሮች ስለነበሩ በቤቱ አስቀምጦ የሚነካካቸው ሰው ብዙም አልነበረም። የጋራውን ኮድ የሚቀይር ሁሉ ደግሞ ማንም ለማይፈትነው ቺፕ መጨነቅ ነበረበት። ሸክም ሆነ፤ ወረደ። አልፋ ግን ያረጁ ማሽኖቻቸውን የሚወዱ፣ አዲስ ከርነል ሲወጣ የሚሞክሩ፣ ሲበላሽ የሚጠግኑ ጥቂት ሰዎች አሉት። ጥቂት ናቸው፤ ግን በቂ ሆኑ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ክፍት ኮድ ሎሚውን ለማካፈል ያስችላል፤ የሚሸከም ሰው ካልመጣ ግን ክፍት መሆኑ ብቻውን ቺፕ አያኖርም። የሪስክ-ፋይቭም ሆነ ነገ የሚመጣው ቺፕ ዕድል የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፦ አምራቾች ድራይቨሮቻቸውን ወደ ጋራው ከርነል ያስገባሉ ወይስ በራሳቸው አሮጌ ቅጂ ውስጥ ይተዋሉ? ሲተዉትስ የሚያነሳው ሰው አለ?

ያ ሰው ለመሆን ቦርድ እንኳን መግዛት አይጠበቅባችሁም። ኪዩኢሙ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በተራ ላፕቶፕ ላይ የሪስክ-ፋይቭን፣ የአርምን፣ የአልፋንም ማሽን አስመስሎ ያቆምላችኋል። ዴቢያንን ወይም ኔትቢኤስዲን ጫኑበት፤ ሲነሳ የሚያወጣቸውን መስመሮች አንብቡ፤ የምትወዱትን ፕሮግራም ኮምፓይል አድርጉበት። የሆነ ቦታ ላይ ይሰበራል። የተሰበረበት ቦታ ላይ ምናልባት ማንም ያላየው ስህተት አለ።

የኛን ቦርድ አምራቹ መሸጥ አቁሟል። ያቺ አንድ መስመር ግን ወደ ጋራው ከርነል ገብታለች። ባለፈው ሳምንት አዲስ እትም ጫንኩበትና የኔትወርክ ገመዱን ሰካሁ። መብራቱ በራ፤ ዳታውም አለፈ።